መሥመሩን ተከተሉት፦ ጉንዳን በቤታችንና በጓሯችን

 

እሑድ ከሰዓት ነው እንበል። ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ፈንዲሻው ቄጤማው ላይ ተበትኗል፣ ልጆቹ ስኳር ሲጨምሩም ከማንኪያው ጥቂት ጠብ ብሏል። ማታ ቤቱ ተጠርጎ ሁሉም ተኛ። ሰኞ ጠዋት ስትነሡ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ፣ የግድግዳውን ጥግ ይዞ፣ ረከቦቱ እግር ድረስ የሚዘልቅ ጥቁር ክር ታያላችሁ። ጠጋ ስትሉ ክሩ ይንቀሳቀሳል።

በዚህች ደቂቃ የአብዛኞቻችን እጅ ወደ ፍሊት ይሄዳል፤ ፍሊት ከሌለ ወደ መጥረጊያ፣ ወይም ወደ ፈላ ውኃ። እኔ ግን ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። እጃችሁን ለሩብ ሰዓት ሰብስቡና መሥመሩን ተከተሉት። በየት ነው የሚገቡት? በመስኮቱ ክፈፍ ነው ወይስ በሊሾው ስንጥቅ? ሲመለሱስ ምን ተሸክመዋል? ቤቴ ጉንዳን እየገባ ያስቸገረኝ ጊዜ፣ ለወራት ስነፋና ስጠርግ ያላገኘሁትን መፍትሔ ያገኘሁት ቁጭ ብዬ ባየሁባት በአንዲት ጠዋት ነበር። መግቢያቸው ከበሩ መቃን ጀርባ ያለች፣ የክብሪት እንጨት እንኳ በቅጡ የማታስገባ ቀዳዳ ሆና ተገኘች።

በመጀመሪያ ግን ስሙን እንለይ፤ ስሙ ላይ ከተሳሳትን መድኃኒቱም ላይ መሳሳታችን አይቀርም። ስኳር ውስጥ የምትገባዋን ደቃቋን ብዙዎቻችን ቁጫጭ እንላታለን። ከፍ ያለውን ጉንዳን እንለዋለን። ገብረ ጉንዳን የሚለው ስም ደግሞ እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ታታሪውን ጉንዳን ሁሉ ይጠቀልላል፣ ሌላው ጋ በሰልፍ የሚጓዘውን ነካሹን ብቻ ያመለክታል። ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ሄደህ ተማር ብሎ የሚልከው ወደዚሁ ወደ ገብረ ጉንዳን ነው። በቅዱስ ቁርኣንም 27ኛው ምዕራፍ በጉንዳን ስም ይጠራል፤ እዚያም ሰሎሞን፣ ማለትም ነቢዩ ሱለይማን፣ ከሠራዊታቸው ጋር ሲያልፉ አንዲት ጉንዳን ጓደኞቿን ስታስጠነቅቅ ይሰማሉ። ሁለቱም መጻሕፍት ጉንዳንንና ሰሎሞንን አንድ ላይ ማንሣታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ምስጥ ግን ጉንዳን አይደለም። ጉንዳን የንብና የተርብ ወገን ነው፤ ምስጥ ደግሞ የበረሮ ዘመድ ነው። ልዩነቱን በዓይን መለየት ይቻላል። ጉንዳን ወገቧ በክር የታሰረ ይመስል ቀጭን ነው፣ አንቴናዋም እንደ ክርን ይታጠፋል። ምስጥ ወገብ የለውም ማለት ይቻላል፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። ዝናብ ጥሎ ባባራበት ምሽት መብራት ላይ የሚርመሰመሰው አሸን አብዛኛውን ጊዜ ምስጥ ነው፤ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው፣ በማግስቱም ክንፎቹን በረንዳ ላይ ተከምረው ታገኟቸዋላችሁ። በረው የሚወጡት ጉንዳኖች ግን የፊት ክንፋቸው ከኋላው ይረዝማል። ግድግዳችሁ ላይ የአፈር ቱቦ የመሰለ ነገር ሲወጣ ካያችሁ እሱ የምስጥ መንገድ ነው፤ ዛሬ የምነግራችሁም ለእሱ አይሠራም። በወለጋ ያላችሁ አድማጮች ምስጥ ቤትና ማሳ ላይ የሚያደርሰውን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁና ራሱን የቻለ ዝግጅት ይገባዋል።

ወደ ጉንዳኗ እንመለስ። በዓለም ላይ እስካሁን ከ14 ሺህ በላይ የጉንዳን ዝርያዎች ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 የወጣ አንድ ጥናት በምድር ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖሩት ጉንዳኖች 20 ሺህ ትሪሊዮን ይደርሳሉ ሲል ገምቷል። ለሰው ልጆች ቢካፈሉ ለእያንዳንዳችን 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ይደርሰናል ማለት ነው። ስለዚህ ጉንዳንን ከግቢያችሁ ጨርሳችሁ ለማጥፋት አትነሡ። ልናደርግ የምንችለው ከጓዳችን ማስወጣትና ከአንዳንድ ተክሎቻችን ማራቅ ነው።

አሁን ደግሞ ከመሥመሩ ጀርባ ያለውን ቤተሰብ ላሳያችሁ። መሥመሩ ላይ የምታዩዋቸው ሁሉ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ የሚወለዱት በወቅቱ ነው፤ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፣ ይጋባሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። እንቁላል የምትጥለው እናቲቱ ከምድር ሥር፣ ወይም በግድግዳ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች። በአውሮፓ ጓሮዎች የታወቀች የአንዲት ጥቁር ጉንዳን እናት በቤተ ሙከራ 28 ዓመት ያህል ኖራለች። አንድ በሬ ከሚቆየው በላይ ማለት ነው! ሠራተኞቹ ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ሥራቸውም በዕድሜ ይከፋፈላል። ወጣቶቹ ቤት ውስጥ ሆነው እጮቹን ይመግባሉ፣ ይልሳሉ፣ ከእርጥበት ወደ ደረቅ ያዛውራሉ። ምግብ ፍለጋ የሚወጡት ያረጁት ናቸው። ጠዋት ረከቦታችሁ ሥር የምታገኟቸው እንግዲህ የዚያ ቤት አሮጊቶች ናቸው፣ ከጠቅላላውም ጥቂቱ ብቻ።

ይህን ካወቅን ፍሊት ለምን እንደማያዋጣን ይገባናል። መቶ አሮጊት ብንገድል ቤቱ ውስጥ ሌሎች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እናቲቱም እንቁላል መጣሏን አላቆመችም።

መሥመሩ የሚጀመረው እንዲህ ነው፦ አንዷ ጉንዳን ስኳሩን ብቻዋን ስትባዝን ታገኘዋለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሆዷን ጫፍ መሬት እያስነካች የሽታ ምልክት ትተዋለች። የተከተለችው ሁለተኛዋም ስትመለስ ትጨምርበታለች፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ፤ ሽታው እየጠነከረ ሲሄድ ተከታዩ ይበዛል። ስኳሩ ሲያልቅ ባዶ እጇን የምትመለሰው ምልክት አትጥልም፣ ሽታውም ተንኖ መንገዱ ይጠፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ኤድዋርድ ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከጉንዳኗ ሆድ ውስጥ አንዲት ደቃቅ ዕጢ አውጥቶ ጨፈለቃትና መሥመር አሰመረባት፤ ጉንዳኖቹም ምግብ በሌለበት ያንን መሥመር ተከትለው ወጡ።

ስለዚህ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ጉንዳኖቹን እንጂ መንገዳቸውን አያነሣም። መንገዱን የሚያነሣው ሳሙና ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ውኃ ውስጥ ጨምሩና ጉንዳኖቹ የሄዱበትን ሁሉ፣ ግድግዳውንም ወለሉንም፣ በጨርቅ እሹት። ሳሙናው ጉንዳኖቹንም ይገድላል። ኮምጣጤም ሽታውን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ዋጋው ሲታሰብ ግን ሳሙና ይበልጣል ባይ ነኝ። ሶኬት አጠገብ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ።

ከዚያ መግቢያዋን ድፈኑ። የጭቃ ቤት ከሆነ በምርግ፣ የሲሚንቶ ከሆነ በሲሚንቶ ወይም በስቱኮ። የቤቱን ግድግዳ ወይም ጣራ የሚነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡት፤ በሩን ዘግታችሁ በጣራ ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እናቴ የስኳር ቆርቆሮዋን ውኃ ባለበት ሰፊ ሳህን መካከል ታስቀምጥ ነበር። የማር ማሰሮዋንም እንደዚያው። ብዙ እናቶች የሚያውቁት ብልሃት ነው፣ እኔም እስካሁን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምርበት፦ ውኃው ላይ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉበት። ደቃቅ ጉንዳን ቀላል ስለሆነች በውኃ ፊት ላይ ተንሳፍፋ ልትሻገር ትችላለች፤ ሳሙናው ሲገባበት ግን የውኃው ፊት አይሸከማትም። አቧራ ሲሸፍነውም ድልድይ ስለሚሆን ውኃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከመጡ፣ ያን ጊዜ ወደ እናቲቱ መድረስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የጉንዳንን አበላል ማወቅ አለብን። ያደገች ጉንዳን ጠጣር ምግብ መዋጥ አትችልም፤ ያ ቀጭን ወገቧ አያሳልፍላትም። የምትኖረው በፈሳሽ ነው። ጠጣሩን የምትሸከመው ለእጮቹ ነው፤ እነሱ ይፈጩትና ፈሳሹን መልሰው ይሰጧታል። በተጨማሪ ጉንዳን ሁለት ሆድ አላት ማለት ይቻላል፦ አንዱ የራሷ፣ ሌላው የማኅበሩ። የጠጣችውን ጣፋጭ በማኅበሩ ሆድ ይዛ ትሄድና በአፏ ለጓደኞቿ ታካፍላለች፤ እነሱም ለሌሎች፣ በመጨረሻም ለእናቲቱ ይደርሳል።

ቶሎ የሚገድል መርዝ ይህን መንገድ ይቆርጠዋል፤ ተሸካሚዋ ቤት ሳትደርስ ትሞታለች። የሚያስፈልገን ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ቦሪክ አሲድ ከፋርማሲ ወይም ከኬሚካል መደብር ካገኛችሁ እንዲህ ይዘጋጃል። ግማሽ ሊትር ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ 50 ግራም ስኳር፣ በሾርባ ማንኪያ አራት ያህል፣ አሟሙ። ከዚያ 5 ግራም ቦሪክ አሲድ፣ በሻይ ማንኪያ ልክ አንድ፣ ጨምራችሁ በጥብጡ። ይበልጥ ይገድል ብላችሁ መጠኑን አታብዙ። ከበዛ ወይ አይጠጡትም፣ ወይ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ጥጥ በውህዱ ነክራችሁ በሃይላንድ ክዳን ላይ አድርጉና መሥመሩ አጠገብ፣ መግቢያቸው ደጃፍ፣ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ቀን ጉንዳኑ ይበዛል። አትደንግጡ፣ አትግደሏቸው፣ መንገዳቸውንም በሳሙና አታጥቡ፤ ተሸክመው ይሂዱ። ጥጡ ሲደርቅ እንደገና እየነከራችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሡ።

ሥጋና ቅባት የሚሸከሙ ከሆኑ ስኳሩን ሊንቁት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቦሪክ አሲዱን በጥቂቱ ከለውዝ ቅቤ ጋር ለውሱት። መሥመሩን ቀድማችሁ ተመልከቱ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

ቦሪክ አሲድ ሰውንም ይጎዳል። ሕፃን ያለበት ቤት ክዳኑ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ወይም ቀዳዳ በተበሳበት የተከደነ ዕቃ ውስጥ ይሁን። የተበጠበጠበት ጠርሙስ ላይ ምልክት ይደረግበት፣ ከምግብ ዕቃም ይለይ፤ ውኃ መስሎት የሚጠጣ እንዳይኖር።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። ለእርሻ የመጣን መርዝ፣ ማላታይንም ይሁን ሌላ፣ ቤት ውስጥ የሚረጭ ሰው አለ። ነጭ ጋዝ ጉንዳን ጎሬ ላይ አፍስሶ የሚለኩስም አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የማሳው መርዝ በነፋስና በፀሐይ እንዲበተን ተብሎ የተሠራ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳና ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የልጆቻችሁ እጅና አፍ ውስጥ ይገባል። ስኳር የሰረቀች ጉንዳን ልጅ አትገድልም፣ መርዙ ግን ይገድላል።

በኮንዶሚኒየምና በሆስፒታል ሕንጻዎች አንዲት ሌላ አስቸጋሪ አለች። በጣም ደቃቅ፣ ቢጫ የመሰለች፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም ናት፤ የፈርዖን ጉንዳን ትባላለች። በግድግዳ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቱቦ ውስጥ ትኖራለች። በቤቷ ያሉት እናቶች አንዲት ሳይሆኑ ብዙ ናቸው። ፍሊት ሲነፋባት ቤተሰቡ ተበታትኖ አንዱ ጎሬ ሦስት አራት ይሆናል። እሷ ላይ ፈጽሞ አትንፉ፤ የሚሠራው ያ የቦሪክ አሲዱ ማጥመጃ ብቻ ነው፣ ያውም ጎረቤታሞች በአንድ ጊዜ ሲያደርጉት። የቁስልን ፈሳሽና ፋሻን ስለምታዘወትር ጀርም ታመላልሳለች፤ ሕሙም ያለበት ቤት በተለይ ይጠንቀቅ።

በሰልፍ ስለሚሄደው ነካሽ ጉንዳን ደግሞ የገጠር አድማጮቻችን ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። እነዚህ ዓይን የላቸውም፤ የሚመሩት በሽታና በንክኪ ነው። ቋሚ ቤት የላቸውም፣ የአካባቢያቸውን አደን ሲጨርሱ ይነሣሉ፤ በአንድ ሰልፍ ሚሊዮኖች ሊጓዙ ይችላሉ። ዝናብ ሲመጣ ይበዛሉ። ቤት ከገቡ ሊዋጓቸው አይገባም። ሕፃኑን አንሡ፣ የታሰረውን ጥጃ ፍቱ፣ ዶሮዎቹን ከቆጡ አውጡ፤ ሌሊት ዶሮ ቤት የገቡ እንደሆነ የታቀፈችዋን ከነጫጩቷ ይጨርሷታል። ለሰዓታት በረሮውን፣ ትኋኑን፣ የአይጥ ግልገሉን ሁሉ ለቅመው ይሄዳሉ። ሲመጡ ካያችኋቸውም ደጃፉ ላይ ደረቅ አመድ ወፈር አድርጎ መበተን ሰልፉን ሊያስቀይስ ይችላል። አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ጤዛ ከነካው ጉንዳን ይረግጠዋል።

አሁን ወደ ጓሮ እንውጣ። ጓሮ ላይ ሐሳቤ ይለወጣል፤ እዚያ ጉንዳኑን ተዉት እላለሁ። መሬቱን ይቦረቡራል፣ አየርና ውኃ ያስገባል፣ የምስጥና የትል ጠላት ነው። ጎሬውን በፈላ ውኃ ማጠብም የሚገድለው ከላይ ያሉትን ነው፤ የአትክልቱን ሥር ግን አብሮ ይቀቅላል።

ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ጣልቃ እንገባለን። አንደኛው የዘር መደብ ነው። የሰላጣና የካሮት ዘር ሳይበቅል ተለቅሞ ካደረ ለቃሚው ጉንዳን ሊሆን ይችላል፤ በስሱ አፈር አልብሱት፣ ሣር ጎዝጉዙበት፣ እስኪበቅልም እርጥበቱ አይጥፋው።

ሁለተኛው ይበልጣል። የሎሚ ዛፋችሁ ወይም የቡና ተክላችሁ ግንድ ላይ ጉንዳን ሲወጣና ሲወርድ ካያችሁ፣ ቅጠሉንም ጥላሸት የመሰለ ነገር ከሸፈነው፣ ጥፋተኛዋ ጉንዳኗ ብቻ አይደለችም። ቅጠሉን ገልብጡት። ከሥሩ ክሽክሽ፣ ወይም እንደ ቅርፊት የተለጠፉ ደቃቅ ተባዮች ታገኛላችሁ። እነዚህ የተክሉን ጭማቂ ይመጥጡና የተረፋቸውን ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። ጉንዳኗ ያንን ፈሳሽ ትልሳለች። ለዚያም ስትል ተባዮቹን እንደ ላም ትጠብቃቸዋለች፦ ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ክሽክሽ የምትበላው ጥንዚዛ ስትመጣ ትነክሳትና ታባርራታለች። ጥላሸቱ ያንኑ ጣፋጭ የሚበላ ሻጋታ ነው።

ስለዚህ ጉንዳኗን ከዛፉ ላይ አግዱ፣ ጥንዚዛዋ ሥራዋን ትሠራለች። ግንዱን ከመሬት ከፍ ብሎ በላስቲክ ወይም በጨርቅ ጠቅልሉት፣ በላዩ ግራሶ ቀቡት። ግራሶውን ቅርፊቱ ላይ በቀጥታ አትቀቡ፣ ዛፉን ይጎዳል። መሬት የነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡት፣ ሌላ መሰላል ነውና። ክሽክሹ ከበዛ በአንድ ሊትር ውኃ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና ጠዋት ወይም ማታ ከቅጠሉ በታች ርጩ፤ መጀመሪያ ግን ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሩት።

ችግኝ ስትገዙም አደራ፣ ጉንዳን እንዳይኖርበት የላስቲኩን አፈር ነካ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ማግዳሌና ሶርገር የተባለች ተመራማሪ የመራችው ቡድን በ2017 በፈረንጆቹ፣ በጣና አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስለምትኖር አንዲት ጉንዳን ጽፏል። ሳይንሳዊ ስሟ ሌፒሲዮታ ካነሴንስ ነው። የአገራችን ተወላጅ ናት፤ ነገር ግን አንዱ ቤተሰቧ እስከ 38 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ተገኝቷል። በዚያ ርቀት ጫፍና ጫፍ ያሉት ሲገናኙ አይጣሉም፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ይተዋወቃሉ። እንዲህ ያሉ ጉንዳኖች ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገሩት አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ፣ በአፈርና በችግኝ ነው። ጉንዳን ያለበትን ችግኝ ከነላስቲኩ በባልዲ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብትነክሩት ተንሳፍፈው ይወጣሉ።

ለንብ አርቢዎች አንዲት ቃል። ቀፎ የተቀመጠበትን ቆጥ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም፣ ወይም ዙሪያውን ደረቅ አመድ መበተን በብዙ አካባቢ የሚሠራበት ነው። ጣሳው ላይ ክዳን መሰል ጥላ አድርጉለት፤ ዝናብ ገብቶ ዘይቱ እንዳይፈስና አፈሩን እንዳያበላሽ፣ ንቦቹም እንዳይሰጥሙበት። ቀፎው ሥር ያለውን ሣር ደግሞ በየሳምንቱ እጨዱ። ጉንዳን ከጣሳው ይልቅ የምትመርጠው ቀፎውን የነካችውን ያችን አንዲት የሣር ዘለላ ነው።

በሉ አድማጮች፣ ነገ ጠዋት መሥመር ካገኛችሁ በርጩማ ስባችሁ ተቀመጡ።